ሁለት ነጥብ እና አራት ነጥብ

የመጽሔታችን ዝግጅት ኮሚቴ «ከባቻችን በኮምፒውተር ነገር ቀድመህ የገባህ አንተ ነህና አንድ የታሪክ ጽሑፍ ጻፍልን» ሲለኝ መጀመሪያ እምቢ ብዬ ነበር። እኔ የታሪክ ሰው አይደለሁም። የተማርኩት ሒሳብ ነው፤ እሱንም እንዴት እንዳለፍኩት የዶርማችን ልጆች ታውቃላችሁ። ኋላ ሳስበው ግን ለባቻችን መናገር የነበረብኝና ለብዙ ዓመታት ያቆየሁት አንድ ነገር አለ። ነገሩ ደግሞ ከኮምፒውተር ታሪክ ጋር የተያያዘ ነው። ስለዚህ ሁለቱንም አንድ ላይ ልጻፈው ብዬ ተቀመጥኩ።

ታሪኩ የሚመለከተው የዶርማችንን ቀለሜዋ ነው። እንድጽፈው ፈቅዶልኛል፤ ስሜን ግን እንዳትጽፍ ብሎኛል። በ1981 ዓ.ም. ከአራት ኪሎ ከእኛ ጋር የወጣ ሁሉ ማን እንደሆነ ስለሚያውቅ ስሙም አያስፈልግም።

በስልክ የሚዞር ማስታወቂያ

ዛሬ ልጆቻችን ፌስቡክና ቴሌግራም የሚሉት ነገር አያት አለው። ስሙ ዩዝኔት ይባላል። የተጠነሰሰው እ.ኤ.አ. በ1979 በአሜሪካ ኖርዝ ካሮላይና ውስጥ ነው። በዱክ ዩኒቨርሲቲ የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች የነበሩት ቶም ትረስኮትና ጂም ኤሊስ፣ ዩኒክስ የሚባለውን ሲስተም የሚጠቀሙ ኮምፒውተሮች ዜናና ጥያቄ የሚለዋወጡበትን መንገድ አሰቡ። በጎረቤታቸው በቻፕል ሂል ይማር የነበረው ስቲቭ ቤሎቪን ደግሞ የመጀመሪያውን ፕሮግራም ጻፈላቸው። በ1980 ነገሩ ለሌሎች ዩኒቨርሲቲዎች ተገለጠ።

በዚያን ጊዜ አርፓኔት የሚባል የአሜሪካ መንግሥት መረብ ነበረ። ነገር ግን ከመንግሥት ጋር የምርምር ውል የሌለው ዩኒቨርሲቲ በሩን አያልፍም ነበር። ስለዚህ ዩዝኔትን «የድሃ ሰው አርፓኔት» ይሉት ነበር። የሚያስፈልገው አንድ ኮምፒውተር፣ አንድ ሞደምና አንድ የስልክ መስመር ብቻ ነው። ሌሊት የስልክ ዋጋ ሲቀንስ አንዱ ኮምፒውተር ለሌላው ይደውላል፤ «እኔ ዘንድ ይህ ይህ አዲስ ጽሑፍ አለ» ይላል፤ ያኛው የሌለውን ይቀበላል፤ በተራው ለሦስተኛው ይደውላል። እንደ እድር ጥሩምባ ነፊ ማለት ነው። ልዩነቱ የሰማው ሁሉ ጥሩምባውን ተቀብሎ ወደሚቀጥለው ሰፈር ይሄዳል። ማዕከል የለውም፤ ባለቤት የለውም። አንድ ጽሑፍ በየከተማው ባለው ማሽን ላይ ተቀድቶ ይቀመጣል።

እ.ኤ.አ. በ1986 ብራያን ካንተርና ፊል ላፕስሊ ኤንኤንቲፒ የሚባለውን የመነጋገሪያ ደንብ አወጡ። ከዚያ ወዲህ የአንባቢው ፕሮግራም ከሰርቨሩ ጋር በኔትወርክ፣ በ119 ቁጥር በር በኩል ያወራል። ወሬያቸው አጭርና ግልጽ ነው። ሰርቨሩ «200» ካለ ግባ፣ መጻፍም ትችላለህ ማለት ነው፤ «201» ካለ አንብብ እንጂ አትጽፍም ማለት ነው። አንድ ጽሑፍ ስትጠይቀው ካለው «220» ብሎ ይሰጥሃል። ከሌለው «430» ይልሃል። ይቺን 430 ያዙልኝ፣ ወደ ኋላ እንመለስባታለን።

በ1987 የመወያያ ክፍሎቹ እንደ አዲስ ተሰይመው በሰባት ትልልቅ ቤቶች ተከፈሉ። ስለ ኮምፒውተር የሆነው «ኮምፕ» ስር፣ ስለ ሳይንስ የሆነው «ሳይ» ስር፣ ስለ ማኅበረሰብና ባህል የሆነው «ሶክ» ስር ገባ። ሊነስ ቶርቫልድስ የተባለው የሄልሲንኪ ተማሪ በኋላ ሊነክስ የተባለውን ሥራውን በኦገስት 1991 ለመጀመሪያ ጊዜ ያወጀው እዚያ ላይ ነው። ቲም በርነርስ-ሊም በዚያው ወር ስለ ዌብ ፕሮጀክቱ የጻፈው እዚያው ነው። ይህን የምላችሁ ነገሩ ተራ የወሬ ቦታ ብቻ እንዳልነበረ እንድታውቁልኝ ነው።

የመስከረም ፍሬሽ

እኔ የደረስኩት እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 1993 ነው። በአሜሪካ መካከለኛው ምዕራብ ባለች አንዲት የዩኒቨርሲቲ ከተማ፣ ሁለት ሻንጣና አንድ ኪሎ በርበሬ ይዤ። የዩዝኔት ሰዎች ሴፕቴምበርን አይወዱትም ነበር። በየዓመቱ በዚያ ወር አዲስ ተማሪዎች የኮምፒውተር አካውንት ያገኙና፣ ሥርዓቱን ሳያውቁ ዘለው ገብተው ይጽፋሉ። እስኪለምዱ ድረስ ነባሮቹ ይሳቀቃሉ። ልክ አራት ኪሎ መስከረም ላይ ፍሬሽ ሲገባ ሲኒየሮቹ ፊታቸውን እንደሚያጠቁሩት ማለት ነው። በዚያው ሰሞን ደግሞ አሜሪካ ኦንላይን የተባለው ኩባንያ ለደንበኞቹ ሁሉ በሩን ከፈተ፤ አዲስ ገቢው ማለቂያ አጣ። ነባሮቹ እስከ ዛሬ «የ1993ቱ ሴፕቴምበር አላለቀም» እያሉ ይቀልዳሉ። እኔም ካላለቀው ሴፕቴምበር ፍሬሾች አንዱ ነኝ።

የማነበው በዩኒቨርሲቲው ዩኒክስ ማሽን ላይ፣ ጥቁር ስክሪን ላይ አረንጓዴ ፊደል ባለው ተርሚናል ነበር። ማውዝ የለም፣ ስዕል የለም። የተመዘገብኩባቸው ክፍሎች ዝርዝር በአንዲት ትንሽ ፋይል ውስጥ ይቀመጣል። ከክፍሉ ስም ቀጥሎ ሁለት ነጥብ ካለ አባል ነህ፤ ቃለ አጋኖ ካለ ትተኸዋል። ከዚያ ቀጥሎ ያነበብካቸው ጽሑፎች ቁጥር ይሰፍራል። ያቺን ፋይል ባየሁ ቁጥር የመምህር መዝገብ ትመስለኝ ነበር፤ ማን መጣ፣ ማን ቀረ።

ከሁሉ በላይ የምከታተለው ሶክ.ከልቸር.አፍሪካን የሚባለውን ክፍል ነው። ከሎንዶን፣ ከስቶክሆልም፣ ከቶሮንቶ፣ ከየዩኒቨርሲቲው ያሉ የአፍሪካ ተማሪዎች ይገናኙበታል። የአገር ሰው ጠረን ያለው ቦታ እሱ ነበር። በዚያን ጊዜ አገር ቤት ኢሜይል የሚባለው ነገር በአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን በኩልና በጥቂት ተቋማት ብቻ ነበር፤ ቴሌ ለሕዝብ የኢንተርኔት አገልግሎት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1997 መጀመሪያ ላይ ነው። ስለዚህ እዚያ የምንጽፈው እኛ ውጭ ያለነው ብቻ ነበርን። ወሬው ግን ሁሉ ስለ አገር ቤት ነው።

አንድ የስልክ መስመር

በ1998 ትምህርት ጨርሼ፣ ሥራ ይዤ፣ ሚስት አግብቼ ነበር። ቤታችን አንድ የስልክ መስመር ነው ያለው። ሞደሙ ከተያዘ ከአዲስ አበባ የሚደወል ስልክ አይገባም። እናቴ በወር አንዴ ነው የምትደውለው፤ እሱም እህቴ ሥራ ቦታ ሄዳ። አንድ ቅዳሜ እኔ ስክሪን ላይ ተጎልቼ ስልኩ ተይዞባት መመለሷን ስሰማ አፈርኩ። ባለቤቴም «ከማታውቃቸው ሰዎች ጋር ስታወራ የምታውቃቸው ደጅ ቆሙ» አለችኝ። እውነቷን ነው።

መፍትሔው ጽሑፎቹን ሌሊት አውርዶ፣ መስመሩን ዘግቶ፣ ቀን በእርጋታ ማንበብ ነው። ለዚህ ሊነክስ ላይ የሚሠራ ኤስኤልአርኤን የሚባል የጆን ዴቪስ ፕሮግራም ነበረ። ከእሱ ጋር ደግሞ ጽሑፍ ጎትቶ የሚያመጣ ኤስኤልአርኤን-ፑል የሚባል ሌላ ፕሮግራም አብሮ ይመጣል። አሠራሩን ላስረዳችሁ፤ ያለ እሱ የኋላው ታሪክ አይገባችሁም።

መጀመሪያ የሰርቨሩን ስም ትነግረዋለህ። ቀጥሎ አንድ የማዋቀሪያ ፋይል ትጽፋለህ። በእያንዳንዱ መስመር ሦስት ነገር አለ፦ የክፍሉ ስም፣ በአንድ ጊዜ የሚወርደው ከፍተኛ የጽሑፍ ብዛት፣ እና ጽሑፉ ዲስክህ ላይ የሚቆይበት ቀን። የእኔ «ሶክ.ከልቸር.አፍሪካን 200 14» ይል ነበር። ሁለት መቶ ጽሑፍ አምጣ፣ አሥራ አራት ቀን አቆይ፣ ከዚያ ጣል ማለት ነው። ዲስኬ ትንሽ ስለነበረች እንጂ ስስት አልነበረም። ቀጥሎ ማሽኑን ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ራሱ እንዲደውል ታዝዘዋለህ። የጻፍካቸው መልሶች ካሉ ይልካቸዋል፣ አዲሶቹን ያመጣል፣ ስልኩን ይዘጋል። ጠዋት ቡና ሲፈላ እኔ አነባለሁ። እናቴም እንደልቧ ትደውላለች።

ቤታችን ሰላም ሆነ። አንድ ወር ያህል ማለቴ ነው።

ውጤት አሰጣጥ

በሜይ 1998 የኢትዮጵያና የኤርትራ ጦርነት ተጀመረ። ያንን ጊዜ ውጭ የነበራችሁ ታስታውሱታላችሁ። ትናንት በአንድ ገበታ የበላ ሰው ዛሬ ሲሳደብ ታየ። የመወያያ ክፍሉም እንደዚያው ሆነ። ስድቡ ከሁለቱም ወገን ነው፤ አንዳንዱ የሚጽፈውን እዚህ ልደግመው አልችልም። እሳት ለመጫር የፈለገ ሰው ያንኑ ጽሑፍ በአንድ ጊዜ በአራት በአምስት ክፍል ይለጥፈዋል። ሁለት መቶ ጽሑፍ ሳወርድ መቶ ሃምሳው ስድብ ነው። ጠዋት ቡናዬ ሬት ሆነብኝ።

ለዚህም ፕሮግራሙ መላ ነበረው። የውጤት ፋይል የሚባል አለው። ልክ መምህር ፈተና እንደሚያርም ለእያንዳንዱ ጽሑፍ ነጥብ ትሰጣለህ። ርዕሱን፣ ጸሐፊውን፣ ስንት ክፍል እንደተለጠፈ እያየ ይደምራል፣ ይቀንሳል። ከዜሮ በታች 9999 የሰጠኸው ጽሑፍ ጭራሽ አይወርድም። ሳታየው ወድቋል።

አንድ ማታ ተቀምጬ እንዲህ ብዬ አሰብኩ፦ ርዕሱ ላይ «ጦርነት» የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል ካለበት፣ እና በብዙ ክፍል የተለጠፈ ከሆነ፣ ጣለው። ሁለቱም ሲሟሉ ብቻ። ቁም ነገር የሚጽፍ ሰው በአንድ ክፍል ነው የሚጽፈው፤ እሱ አይነካም። ሐሳቡ ዛሬም ትክክል ይመስለኛል።

አጻጻፉ ላይ ግን እንዲህ የሚል ደንብ አለ። «ስኮር» ከሚለው ቃል ቀጥሎ የእንግሊዝኛው ሁለት ነጥብ አንዴ ብቻ ከተጻፈ፣ ከሥሩ የተዘረዘሩት ሁኔታዎች ሁሉም መሟላት አለባቸው። ሁለት ጊዜ ከተደረደረ ግን ከተዘረዘሩት አንዱ ብቻ ቢሟላ ይበቃል። አንዴ ሲጻፍ የእኛን ሁለት ነጥብ ይመስላል፤ ሁለቴ ሲጻፍ የእኛን አራት ነጥብ። አንዱ «እና» ነው፣ ሌላው «ወይም»።

እኔ አራት ነጥብ ጻፍኩ።

መመሪያውን በደንብ አላነበብኩትም፤ ከሌላ ሰው ምሳሌ ላይ ገልብጬ ቃሉን ብቻ ነው የቀየርኩት። ሙከራም አላደረግኩም። በማግስቱ ጠዋት ሁለት መቶው ወደ ሰላሳ ወረደ። ስድቡ የለም። ሠራ አልኩ። የፈለግኩት ጸጥታን ነበር፣ ጸጥታውን አገኘሁ፤ ከስድቡ ጋር ሌላ ምን አብሮ ጸጥ እንዳለ አልጠየቅኩም። ምልክት እንኳ ነበረ። ለካ እነዚያ ሦስት የእንግሊዝኛ ፊደላት «ሶፍትዌር» በሚለው ቃልም ውስጥ አሉ፤ «ሽልማት» በሚለውም ውስጥ አሉ። አንድ የማውቀው ሰው ስለ ሽልማት የጻፈው ማስታወቂያ ጠፍቶብኝ «የታል?» ብዬ ጠይቄው ነበር። «ለጥፌዋለሁ እኮ» አለኝ። የሰርቨሩ ችግር ነው ብዬ አለፍኩት።

ያ መስመር እስከ ሴፕቴምበር ድረስ እንደዚያው ቆየ። ከዚያ ሥራ በዛብኝ፤ ኮምፒውተሩን ቀየርኩ፤ ነገሩን ሁሉ ተውኩት።

ከሦስት ዓመት በኋላ

ዩዝኔት ሲፈጠር ጽሑፍ ለዘላለም እንዲቀመጥ አልታሰበም ነበር። ቦታ የለም። እያንዳንዱ ማሽን ቀን ቆጥሮ ይጥላል። ደግነቱ የማይጥሉ ሰዎች ነበሩ። በቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ጥናት ክፍል የኮምፒውተር ሠራተኛ የነበረው ሄንሪ ስፔንሰር ከ1981 እስከ 1991 ያለውን በ141 ማግኔቲክ ቴፖች ገልብጦ አስቀመጠ። ከ1995 ጀምሮ ደግሞ ዴጃ ኒውስ የሚባል ድርጅት የሚለጠፈውን እየሰበሰበ ማስቀመጥ ያዘ። በ2001 መጀመሪያ ላይ ጉግል ይህንን ክምችት ገዛው። በዲሴምበር 2001 የስፔንሰርን ቴፖች ጨምሮ የሃያ ዓመቱን፣ ከ700 ሚሊዮን በላይ ጽሑፍ፣ ለሰው ሁሉ ከፈተው።

የገና ሰሞን ነው። ከሥራ ዕረፍት ላይ ነኝ። ለትዝታ ያህል ብቻ «አራት ኪሎ» ብዬ በእንግሊዝኛ ፊደል ጻፍኩና ፈለግኩ። ከወጡት ውስጥ ሦስተኛው የቀለሜዋ ጽሑፍ ነበር። ቀኑ ጁላይ 1998። ክፍሉ ሶክ.ከልቸር.አፍሪካን፣ እሱ ብቻ። ርዕሱ «በጦርነቱ ምክንያት የተጠፋፋን የአራት ኪሎ 81 ልጆች» የሚል ነው።

አጭር ነው። እሱ ያኔ ኔዘርላንድስ ይማር ነበር። አባቱን ከካዛንቺስ ቤታቸው ወስደው በአውቶቡስ ወደ አስመራ እንደላኳቸው ሰምቷል። በዚያን ጊዜ በሁለቱም በኩል ብዙ ሰው ከኖረበት ተነቅሏል፤ የእሱ ቤት አንዱ ነበር። እናቱ ብቻቸውን ቀርተዋል። ስልክ ይደውላል፣ ይጠራል፣ የሚያነሳ የለም። ጎረቤት ስልክ የለውም። «ከእናንተ መካከል አዲስ አበባ ቤተሰብ ያለው፣ እባካችሁ አንድ ሰው ልካችሁ በሩን አንኳኩልኝ። እናቴ በሕይወት ትኑር አትኑር ብቻ ንገሩኝ» ይላል። ከሥሩ የኢሜይል አድራሻው አለ።

የመልስ ቁጥር ዜሮ።

የዶርማችን ልጆች ማዘርን ታስታውሳላችሁ። በበዓል አገሩ መሄድ አቅቶት ዶርም የቀረ ልጅ ሁሉ የሚበላው የት ነበር? የፋሲካ ዕለት ሰባት ሆነን ሄደን «ለምን ሌሎቹን አላመጣችኋቸውም?» ያሉን ማን ናቸው? እህቴ ደግሞ ቤቷ ኡራኤል ነው። ከኡራኤል እስከ ማዘር በር በእግር ሩብ ሰዓት አይፈጅም።

ያንን ክፍል በየቀኑ አነብ እንደነበር አውቃለሁ። ታዲያ እንዴት አላየሁትም? የድሮውን ዲስክ ከጓዳ አውጥቼ ሰካሁት። የውጤት ፋይሉን ከፈትኩ። አራቱ ነጥቦች እንደተደረደሩ ቁጭ ብለዋል።

ሰው በእንዲህ ያለ ጊዜ የማይረባ ነገር ያደርጋል። ጽሑፉ እያንዳንዱ ጽሑፍ የሚሰጠው መለያ ቁጥር አለው፤ እሱን ገልብጬ ከሰርቨሩ ጋር ተገናኘሁና በእጄ ጠየቅኩት። ከሦስት ዓመት በኋላ እንደማይኖረው አውቃለሁ። «430» አለኝ። የለም።

ስልኩ

ያንኑ ሌሊት ወደ አድራሻው ጻፍኩ፤ ተመልሶ መጣ፣ አካውንቱ ተዘግቷል። የባቻችንን ልጆች አንድ በአንድ መደወል ጀመርኩ። ያኔ ይህ ማኅበር እንደ ዛሬው አልተደራጀም፤ የስልክ ዝርዝር እንኳ የለንም። አሥር ወር ፈጀብኝ። በ2002 መጸው ላይ አንድ ሎንዶን ያለ ልጅ ቁጥሩን ሰጠኝ።

ደወልኩ። ስሜን ስናገር ዝም አለ።

«ምነው ዛሬ ትዝ አልኩህ?» አለኝ በመጨረሻ።

«ጽሑፍህን አየሁት» አልኩት።

«የቱን?»

«የ98ቱን። ስለ ማዘር።»

«ያኔ እኮ ነው የሚታየው።»

«ያኔ አላየሁትም።»

«አንተ? አንተማ በየቀኑ እዚያ ትጽፍ ነበር። እኔ እኮ እዚያ የጻፍኩት ስምህን አይቼ ነው። እሱ ካለ ብዬ።» ትንሽ ቆይቶ ቀጠለ። «አንብባችሁ ዝም ያላችሁኝ ነው የመሰለኝ። አንተ፣ ሌሎቹም። በዘር አይተውኝ ነው አልኩ። ምን ልበል ሌላ?»

ነገሩን አስረዳሁት። የሌሊት ጥሪውን፣ ስድቡን፣ የውጤት ፋይሉን፣ ነጥቦቹን። ስናገረው ለራሴም ሰበብ መሰለኝ። እሱ ግን እስከ መጨረሻው አዳመጠኝ።

«እና አራት ነጥብ አደረግክ» አለኝ።

«አዎ።»

«‹ወይም› ማለት ነው።»

«አዎ።»

«‹እና›ን ከ‹ወይም› ለይተህ እንድታውቅ ለሎጂክ ፈተና ሦስት ሌሊት ያስጠናሁህ እኔ አይደለሁም?»

ሳቀ። እኔ መሳቅ አልቻልኩም። በኋላ ነው እሱም የሚስቅ ሳይሆን የሚያለቅስ መሆኑን ያወቅኩት።

ማዘርን ያኔ ጎረቤት የነበሩ አንዲት ሴትዮ ቤታቸው ወስደው ደብቀዋቸው ኖሯል። ቆይተው ደሴ እህታቸው ዘንድ ላኳቸው። ቀለሜዋ በሕይወት መኖራቸውን ያወቀው ከአራት ወር በኋላ ነው። አራት ወር! እህቴ ብትሄድ ኖሮ በአንድ ቀን ያውቀው ነበር። ማዘር በኋላ ልጃቸው ዘንድ ሄደው እዚያው አረፉ። ከባለቤታቸው ጋር እንደገና አልተያዩም። አባትየው የአዲስ አበባና የአስመራ ስልክና አውሮፕላን በ2018 እስኪከፈት አልቆዩም።

ከዚህ ምን ቀረ

ዱክ ዩኒቨርሲቲ ያንን መነሻ የሆነውን የዩዝኔት ሰርቨሩን በሜይ 2010 ዘግቶታል። ጉግልም በፌብሩዋሪ 2024 ከዩዝኔት አዲስ ጽሑፍ መቀበል አቁሟል፤ የድሮው ግን አሁንም ይነበባል። የቀለሜዋ ጽሑፍ እዚያው አለ፣ ከሥሩም እስከ ዛሬ መልስ የለውም። በስልክ የሰጠሁት መልስ እዚያ አይታይም።

ፕሮግራሙም ዛሬ ድረስ አለ። የዛሬውን መመሪያ አንዴ ከፍቼ አነበብኩት፣ በዚህ ጊዜ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው። የተጣሉትን ጽሑፎች ዝርዝር በአንድ ፋይል ላይ እንዲመዘግብ ማዘዝ ይቻላል። ማን ጻፈ፣ ርዕሱ ምንድን ነው ብሎ ያስቀምጥልሃል። አላነብም ያልከውን ሁሉ ማንበብ የለብህም፤ ግን ማንን እንዳላነበብክ በሳምንት አንዴ ታያለህ። እኔ ማጣራት ጥፋት ነው አልልም። ያንን ሁሉ ስድብ በየጠዋቱ የሚጠጣ ሰው ጤነኛ አይሆንም። ጥፋቴ የጣልኩትን ዞር ብዬ አለማየቴ ነው።

የባቻችን የቴሌግራም ግሩፕ በዚህ በሁለትና ሦስት ዓመት ውስጥ ምን እንደሚመስል ታውቃላችሁ። ብዙዎቻችሁ ድምፁን ዘግታችሁታል፤ አንዳንዶቻችሁ ወጥታችኋል። አልፈርድባችሁም፣ እኔም ዘግቼዋለሁ። ግን እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ቡና ሲፈላ ከፍቼ ወደ ላይ እወጣለሁ፤ ከስድቡና ከቪዲዮው መካከል በሩን አንኳኩልኝ የሚል ሰው እንዳለ አያለሁ። እስካሁን ሁለት አግኝቻለሁ። አንዱ ደም የሚለግስ ይፈልግ ነበር። አንዷ ወንድሟ የጠፋባት ናት። እናንተም እንዲህ ብታደርጉልን ብዬ ነው የጻፍኩት።

ቀለሜዋ ለ35ኛ ዓመታችን ይመጣል። ከ1990ዎቹ ወዲህ በባቻችን ስብሰባ ላይ ሲገኝ የመጀመሪያው ነው። ይህንን ጽሑፍ ለኮሚቴው ከመስጠቴ በፊት ልኬለት አንብቦታል። አንድ እርማት ብቻ ነው የሰጠኝ፦ ያስጠናሁህ ሦስት ሌሊት ሳይሆን አራት ነው ብሎኛል። እኔ ሦስት ነው እላለሁ። በምሳው ሰዓት እንጨርሰዋለን።